ስልሳ አንድ የክርስትና ልጅ ያለው አሰልጣኝ

ሳን ሲፕሪያኖ ከተማ ውስጥ የኳስ ቅርጫት ያልተሰቀለበት ግድግዳ የቤተ ክርስቲያኑ መንበር ጀርባ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቄሱ ቀድመው ስለነቁ ነው። ኮኮናት ዛፍ ላይ ቅርጫት አለ። እስር ቤቱ ግቢ ቅርጫት አለ፤ እስረኞቹ ዘበኞቹን ካሸነፉ እራት ይጨመርላቸዋል ይባላል። የሬሳ ሣጥን የሚሠራው አናጢ ደጃፍም አለ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ምን ይሥራ! ቆርቆሮ ጣራ የለበሰው ትልቁ ሜዳማ ሰርግ የሚደገስበት፣ ጎርፍ ሲመጣ ሕዝብ የሚጠለልበት፣ ሰው ሲሞትም ለቅሶ የሚቀመጥበት ነው። የሟች ሣጥን የሚቀመጠው ከቅጣት ምት መስመሩ ኋላ ነው። ሟች እንዳይረበሽ አይደለም፣ ጨዋታው እንዳይረበሽ ነው። አንድ ጊዜ ኳስ ነጥራ ሣጥን ላይ ብታርፍ ዳኛው “ውጭ!” ብሎ ፊሽካ ነፋ፤ የሟች ሚስት እንባዋን ጠረገችና “ሣጥኑ እኮ መስመሩ ውስጥ ነው፣ ኳሷ የኛ ናት!” ብላ ተከራከረች። አሸነፈችም።

ሲልቬሪዮ ማካራዬግ የተወለደው እዚህ ነው። ሙሉ ስሙን የሚጠራው የግብር ቢሮው ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ቤርዮ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት፣ እናቱ ስትምልበት ደግሞ አንድ ሜትር ከሰባ። ለቅርጫት ኳስ ሰው ይህ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ቁመት ነው። ስለዚህ ኳስ አከፋፋይ ሆነ፤ ኳሷን ከኋላ እያነጠረ አምጥቶ ለማን እንደምትደርስ የሚወስነው ሰውዬ ማለት ነው። ሥራው ተስማማው። ከልጅነቱ ጀምሮ የጠየቁትን መከልከል አይሆንለትም። “ስጠኝ” ካሉት ብስኩቱን ይሰጣል፤ “ስጠኝ” ካሉት ኳሷን ይሰጣል። ልዩነቱ ለብስኩቱ ያጨበጨበለት አለመኖሩ ነው።

ማኒላ ሄዶ በደመወዝ ዐሥራ አንድ ዓመት ተጫወተ። ትልልቆቹ ቡድኖች የሚጠሩት ባለቤታቸው በሚሸጠው ዕቃ ስለሆነ ቤርዮ አምስት ዓመት ሳርዲን፣ አራት ዓመት የወለል ሰም፣ ሁለት ዓመት ደግሞ የዶሮ ቋሊማ ሆኖ ኖረ። ጋዜጦቹ “ሳርዲን ቀለምን ዋጠ” ብለው ሲጽፉ ሳን ሲፕሪያኖ እስኪነጋ ይጨፍራል፤ “ሳርዲን ገማ” ብለው ሲጽፉ ሳን ሲፕሪያኖ ምግብ አይበላም።

በሳርዲንነቱ ዘመን ለዋንጫ ደረሱ። አራት ሰከንድ ቀረ፣ በአንድ ነጥብ ተመርተዋል። ቤርዮ ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሟል። እጁን ቢያነሣ ይበቃው ነበር፤ እንዲያውም በግንባሩ ቢገጫት ትገባ ነበር የሚሉ አሉ። ከጥግ በኩል አንድ ረጅም ጓደኛው “ቤርዮ!” ብሎ ጮኸ። ሰጠው። ኳሷ ብረቱን ገጭታ ተመለሰች፤ ዋንጫውን ቀለም ወሰደ። ጋዜጠኞች ከበው “ምነው አንተው አልወረወርክም?” ቢሉት ግራ ተጋብቶ አያቸውና “ጠራኝ እኮ” አለ።

በሃያ ስምንት ዓመቱ የግራ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። አገሩ ተመለሰና የከተማውን ቡድን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ የሚያገለግለው ለአየር ትንበያ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከሬዲዮው ይልቅ የቤርዮን አረማመድ አይተው ነው ጀልባ የሚያወጡት።

የቤርዮ መከራ የጀመረው ግን ከጉልበቱ ሳይሆን ከጥምቀት ነው። ሳን ሲፕሪያኖ ውስጥ ልጅ የወለደ ሁሉ ስም ያለው የክርስትና አባት ይፈልጋል፤ ሲጠየቅ እምቢ ያለ ሰው ደግሞ ሕፃኑን እንደረገመ ይቆጠራል። ከማኒላ ለበዓል በመጣ ቁጥር እናቶች ጨቅላ አቅፈው በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ቤርዮ ደግሞ እምቢ አያውቅም። ስልሳ አንድ አነሣ። የገና ዕለት ስልሳ አንዱም ስጦታቸውን ሊቀበሉ “ኒኖንግ! ኒኖንግ!” እያሉ ይመጣሉ፤ የክርስትና አባታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። እንደ ማንኛውም ጨዋ የክርስትና አባት ቤርዮም ይደበቃል። አንድ ዓመት ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ገባ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰምተው አወጡት።

ልጆቹ አደጉና ከከተማው ቡድን ዐሥራ ሁለት ተጫዋች ዘጠኙ የክርስትና ልጆቹ ሆኑ። ይህ እንኳ ባልከፋ፤ የከፋው የሁለቱ ነገር ነው። አርኔልና ሮሜል የተጠመቁት በአንድ እሑድ፣ በአንድ ሻማ ነው፤ ቤርዮ ሁለተኛ ሻማ መግዛት ረስቶ። ሁለቱም ሃያ ሦስት ዓመታቸው፣ ሁለቱም ኳስ አከፋፋይ። ቦታው ደግሞ አንድ ነው።

አርኔል የፓስኳል ልጅ ነው። ፓስኳል የቤርዮ አብሮ አደግ፣ የባንጉስ ዓሣ ነጋዴ፣ በሳን ሲፕሪያኖ ታሪክ የመጨረሻው ትልቅ ኳስ አከፋፋይ ነበር፤ ከቤርዮ ይበልጥ ነበር። ይህን ቤርዮም ይመሰክራል። ሁለቱም ዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ሳለ ከማኒላ አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ ተጫዋች ሊመለምል መጣ፤ ዝናውን ሰምቶ፣ መልኩን ሳያውቅ። ዝናብ ነበርና ጨዋታው ቀረ። ሰውዬው ጣራው ሥር ተጠልለው የቆሙትን ልጆች “ኳስ አከፋፋዩ የትኛችሁ ነው?” አላቸው። የፓስኳል አባት ያን ሰሞን ታሞ ተኝቶ ነበር፤ የዓሣ ኩሬውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ፓስኳል ጣቱን ወደ ቤርዮ ቀሰረ። “እሱ ነው” አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ሰው ውለታውን ሲያወራው እየቀለለ ይሄዳል፤ ዝም ሲልበት ግን የተዋለለት ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ አያየውም።

አርኔል የአባቱን ጨዋነት እንጂ የአባቱን እጅ አልወረሰም። ልምምድ ላይ ቀድሞ የሚደርስ፣ መጨረሻ የሚወጣ፣ ሜዳውን የሚጠርግ እሱ ነው። ግራ እጁ ግን ያው ማንኪያ ለመያዝ ነው። ሮሜል የከንቲባው የክሪሳንቶ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ አርፍዶ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ፣ ማስቲካ እያኘከ ይመጣል። ኳሷ እጁ ስትገባ ግን ሜዳው ጸጥ ይላል። ጀርባው ላይ ዓይን አለው። ቤርዮ ማኒላ የተጫወተበትን ዐሥራ አንድ ዓመት ጨምሮ በዕድሜው እንደዚህ ያለ እጅ ያየው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው የፓስኳል ነበር። እግዜር ተሰጥዖ ሲያድል አድራሻ አያነብም እያለ ሲበሳጭ ይውላል።

የቅዱስ ሲፕሪያኖ ንግሥ ዐሥር ቀን ሲቀረው ፓስኳል አስጠራው። የንግሡ ዕለት ከጎረቤት ከተማ ከሳንታ ሮሳሊያ ጋር የዋንጫ ጨዋታ አለ፤ ሳን ሲፕሪያኖ ዋንጫውን ካየው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ፓስኳል ከዓሣ መጋዘኑ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በወረንጦ የባንጉስ አጥንት ይለቅማል። ባንጉስ ሁለት መቶ አጥንት አለው፤ ፓስኳል አንዱን ሳይስት፣ ሥጋውን ሳይቀድ ያወጣዋል።

“ና አበልጄ። እግርህን ሰብስብ፣ አጥንት አለ።”

“ዛሬ ስንቱን ገፈፍክ?”

“ሰማንያ። ዓይኔ ግን እምቢ እያለኝ ነው፤ ትላንት የጣቴን ፀጉር አጥንት ነው ብዬ ጎተትኩት።” ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። “አርኔል ከንግሡ በሳምንቱ መርከብ ይሳፈራል።”

“ሰማሁ። ዘጠኝ ወር አሉ?”

“ዘጠኝ ወር። ብረት የሚጭን መርከብ። ከዚያም ሌላ ዘጠኝ ወር ይላል፣ ከዚያም ሌላ። ታውቀዋለህ፣ የሄደ መርከበኛ ለአባቱ ቀብር ነው የሚመለሰው።”

“አትሟረት እንጂ።”

“እ... አንድ ነገር ልለምንህ ነበር።” ፓስኳል ቀና አላለም፤ ወረንጦው ሥራውን አላቆመም። “የዋንጫው ዕለት ከመጀመሪያው ፊሽካ ይግባልኝ። ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራ። ሕዝቡ ይስማው። እናቱም ትስማው። ከዚያ በኋላ አንተ ታውቃለህ።”

ቤርዮ የዝናቡ ቀን መጣበት። ፓስኳል ያንን ቀን ቢያነሣው ኖሮ “ውለታው ሌላ፣ ጨዋታው ሌላ” ለማለት ድፍረት ያገኝ ነበር። አላነሣውም። አጥንቱን ብቻ አንድ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ይጥላል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

“እናያለን” አለ ቤርዮ።

ከቤርዮ አፍ “እምቢ” ወጥቶ ስለማያውቅ ፓስኳል “እናያለን”ን “እሺ” ብሎ ወሰደው። ማንም ሰው ይወስደው ነበር። ለቤርዮ ሁለት ትልልቅ ባንጉስ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ አስያዘው።

ቤርዮ አምስት ቀን አሰበ። ሩዝ ሲበላ አሰበ፣ ዶሮ ሲመግብ አሰበ፤ ዶሮዎቹን ሁለት ጊዜ መግቦ ራሱ ጦሙን የዋለበት ቀን አለ። በአምስተኛው ቀን ቆረጠ። ሮሜል ይገባል። ነገ ጠዋት ፓስኳል ዘንድ ሄዶ ፊት ለፊት “አበልጄ፣ አይሆንም” ሊለው ወሰነ። ቃሉን መስታወት ፊት ተለማመደው። “አይሆንም” ሲል አፉ ተጣመመ እንጂ ቃሉስ ወጣ።

ታዲያ በነጋታው ከቤት ሲወጣ ባነሩ ተሰቅሎ አገኘው። ከሜዳው አጥር ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሦስት ጀልባ ቢደረደር የማይሸፍነው ፕላስቲክ። የከንቲባው ፊት የውሃ ታንከር ያክላል፤ ጥርሳቸው ብቻ አንድ ቤተሰብ ያስጠልላል። ከጎናቸው ሮሜል ኳስ ይዞ ፈገግ ብሏል። “ከንቲባ ክሪሳንቶና ልጃቸው ሮሜል፣ የቡድናችን ቋሚ ኳስ አከፋፋይ፣ መልካም የንግሥ በዓል ይመኙላችኋል!” ይላል። ሌሎቹ ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች ከታች የተምር ፍሬ አክለው ተደርድረዋል። የአሰልጣኙ ምስል ምሰሶው ላይ ስለታጠፈ ከቤርዮ የሚታየው የግራ ጆሮው ብቻ ነው።

ቤርዮ ባነሩ ሥር ቆሞ ቀረ። ቋሚ? ማን ነገራቸው? እሱ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም!

እዚያው ቆሞ ሳለ ከንቲባው በመኪና መጡ። መስኮቱ ወረደ።

“እህ፣ አበልጄ! እንዴት ነው? ጥርሴን አበዙት አይደል?”

“ከንቲባ፣ ቋሚ ተሰላፊ ማን እንደሆነ እኮ ገና አልተናገርኩም።”

“ታዲያ ተናገርንልህ! ድካም ቀነስንልህ!” ሳቁ። “ለምን፣ ሌላ ሰው አስበህ ነበር እንዴ?”

“አይ... እሱስ...”

“በል ደኅና ዋል!” መስኮቱ ወጣ፤ መኪናው ሄደ።

ፓስኳል ዘንድ የሚወስደው መንገድ በባነሩ ሥር ነው የሚያልፈው። ቤርዮ ግን መሄዱን ተወና ፀጉሩን ሊስተካከል ታሲዮ ዘንድ ገባ። ታሲዮ የሳን ሲፕሪያኖ ፀጉር ቆራጭ ነው። ፀጉር የሚቆርጠው ግን ሰው ወሬ ሲያልቅበት ነው።

“ለመሆኑ ከንቲባው ምን ሰጠህ?” አለ ታሲዮ፣ ምላጩን ከቤርዮ ማጅራት ላይ ሳያነሣ።

“ስለ ምኑ?”

“ተው እንጂ አሰልጣኝ! ፍሪጅ ነው ይላሉ።”

“የምን ፍሪጅ ነው!”

“ባለ ሁለት በር።”

ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። “እኔስ አየር ማቀዝቀዣ ነው የሰማሁት።”

“እሱማ ለሚስቱ ነው” አለ ታሲዮ። “ፍሪጁ ለሱ፣ አየር ማቀዝቀዣው ለሷ።”

“ታሲዮ፣ ቤቴ ውስጥ አንዲት ቬንትሌተር ናት ያለችው። እሷም ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የምትዞረው።”

“ኧረ እኔ ምን ቸገረኝ አሰልጣኝ! እኔ እንኳ ስከላከልልህ ነው የዋልኩት። ‘ቤርዮ በፍሪጅ አይሸጥም፣ ቢያንስ ሞተር ሳይክል ይጠይቃል’ ነው ያልኳቸው።”

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሚንዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። “ፍሪጁ የታለ? ጎረቤታችን በረዶ ልትለምነኝ መጣች እኮ!”

ቤርዮ ወንበር ላይ ተዘረጋ። ሁሉንም ነገራት፤ የፓስኳልን ልመና፣ የሮሜልን እጅ፣ መስታወት ፊት የተለማመደውን “አይሆንም”፣ ባነሩን።

“ታዲያ ምኑ ነው የሚያስጨንቅህ? የሚሻለውን አስገባ።”

“ሮሜልን ባስገባ ፍሪጅ በላ ይሉኛል።”

“ይበሉሃ! ሳርዲን ሆነህ ስትሸነፍ ያላሉህ ምን አለ?”

“ያኔ ጨዋታ አያውቅም አሉኝ። ተሽጧል ብለውኝ አያውቁም።”

ሚንዳ እጇን ከወገቧ አወረደች። “አርኔልስ? ይችላል?”

ቤርዮ ወደ ቬንትሌተሯ ዞረ። ቬንትሌተሯም ፊቷን አዞረችበት።

እነዚያን የቀሩትን ቀናት ይሉኝታ እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ሰነበተ። የሚያስቀው ነገር እውነቱና የከንቲባው ፍላጎት አንድ መሆናቸው ነው። ሮሜልን የሚያስገባ ሐቀኛ አሰልጣኝ ከውጭ ሲያዩት አንድ ፍሪጅ ከበላ አሰልጣኝ በምን ይለያል? በምንም። አርኔልን ቢያስገባ ግን ከተማው በሙሉ “ወንድ ነው!” ይላል፤ ፓስኳልም ደስ ይለዋል፤ የዝናቡም ቀን ውለታ ይመለሳል። በአንድ ፊሽካ ሦስት ነገር። በዚያ ላይ ያንን ባነር ያሰቀለ ሰውዬ ጥርሱን ይሰበስባል። የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አርኔል አይችልም። ይህን ሐሳብ በመጣ ቁጥር እንደ ተባራሪ ዝንብ በእጁ ይመታው ጀመር።

የንግሡ ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። የቅዱሱ ምስል ዑደቱን ጨርሶ፣ የአሳማው ጥብስ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ሜዳው ውስጥ ታጭቋል፤ ሰገነቱ ላይ ቦታ ያጡት ቅርጫቱ ምሰሶ ላይ ወጥተዋል። ፓስኳል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ከጎኑ። ከንቲባው ፊት ለፊት፣ የራሳቸው ወንበር ላይ።

ድምፅ ማጉያው ተንቋረረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ስም ተጠራ። “ኳስ አከፋፋይ... አርኔል ቱጋዴ!”

ከዚያ ጣራው ሊነሣ ሆነ። “ቤርዮ አልተሸጠም!” ብሎ ታሲዮ ወንበር ላይ ቆመ። “እኔ አላልኳችሁም?” ከንቲባው ጥርሳቸውን ሰበሰቡ። ሮሜል ማስቲካውን ማኘክ አቆመና ወደ አሰልጣኙ ዞሮ “ኒኖንግ፣ ምን አጠፋሁ?” አለ። የቤርዮ ዓይን ከሰገነቱ ላይ አልወረደም። ጭብጨባው አንጀቱን ቅቤ አጠጥቶት ነበር። እንደዚያ የተጨበጨበለት ለሳርዲን ሲጫወት እንኳ አልነበረም። ያን ደስታ ከጊዜ በኋላ ሲያስታውሰው ፊቱ ይቀላል።

ሳንታ ሮሳሊያዎች ሞኞች አይደሉም። የአርኔልን ግራ እጅ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ በቃቸው። ሁለት ሰው ላኩበት፤ ቀኙን ዘጉና ግራውን ከፈቱለት። በግራው ሄደ፤ ነጠቁት። እንደገና ሄደ፤ እግሩን መትታ ወጣች። ሦስተኛው ላይ ራሱ ኳሷን ረግጦ ወደቀ። አምስት ጊዜ አስነጠቀ። የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ ሃያ አንድ ለአራት ሆነ።

ሕዝቡ ያጨበጨበበት እጅ ገና አልቀዘቀዘም።

“ባንጉስ መሰለችህ እንዴ!” አለ አንዱ ከላይ።

“ጠበቅ አድርገህ ያዛት፣ ታዳልጣለች!”

“አጥንቷን አውጣላት! አጥንቷን!” ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተዛመተ። የሌላ ከተማ ሰው ቢሆን የሚሳቅበት ኖሮ የአርኔል እናት ራሷ ትስቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀልድ ነው። አሁን ግን ጃንጥላዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

ቤርዮ ሜዳው ዳር ተገትሮ ቀርቷል። ማውጣት እንዳለበት ያውቃል። ግን ካወጣው “ታዲያ ለምን አስገባኸው?” የሚል ጥያቄ አለ፤ መልሱን ደግሞ መስማት አይፈልግም። በእረፍቱ ፉጨት አርኔል ወደሱ መጣ። ላቡ ይሁን ሌላ ነገር ፊቱ ረጥቧል።

“ኒኖንግ፣ ያውጡኝ።”

“ትንሽ ታገሥ። ይስተካከላል።”

“አይስተካከልም። እባክዎ ያውጡኝ፣ አባቴ እያየ ነው።”

ሮሜል ገባ። ስለዚያ ምሽት ሮሜል የሚወራውን ሁሉ ማመን የለብንም፤ ኳሷን በሁለት ሰው እግር መካከል አሳልፎ በራሱ ጀርባ ተቀብሏታል የሚሉት ነገር ትንሽ የበዛ ነው። በአንድ ሰው እግር መካከል ነው። ሠላሳ አንድ ነጥብ አገባ፤ ሌላ ዐሥራ አራት አቀበለ። ዐሥራ ሰባት ነጥብ የነበረውን ልዩነት አንድ አደረሰው። ሁለት ሰው አልፎ፣ ዘሎ፣ ኳሷ ከጣቱ ልትለቅ ስትል የማብቂያው ፉጨት ተነፋ። ሰባ ለስልሳ ዘጠኝ። ዋንጫው ወደ ሳንታ ሮሳሊያ ሄደ።

“አንድ ደቂቃ ቀድሞ ቢያስገባው ኖሮ!” እያለ ታሲዮ ለሁሉም ያስረዳል። “እኔ ገና ዱሮ ብያለሁ፣ ሮሜል ይግባ ብያለሁ! ይህ ሰውዬ ሳንታ ሮሳሊያዎች ምን ሰጡት?”

ከንቲባው በቤርዮ ፊት አለፉ፤ “አበልጄ” አላሉም። “ፊሽካውን ለጸሐፊዬ አስረክብ” ብቻ ብለው ሄዱ። ቤርዮ ይህ አላመመውም፤ ዓይኑ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ፓስኳል ሰው በሙሉ እስኪወጣ ጠብቆ ወረደ። ነጭ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው።

“አበልጄ” አለ ቤርዮ። “ላንተ ብዬ ነው።”

“ለኔ?”

“ለምነኸኝ አልነበረም?”

“ለመንኩህ። አባት ነኝ፣ የአባት ሥራው መለመን ነው። ያንተ ሥራ ምን ነበር?” ፓስኳል ድምፁን አላነሣም። “ግራ እጅ እንደሌለው እኔ አጣሁት? እኔ? ‘አይሆንም’ ብትለኝ አንድ ሳምንት እንዘጋጋ ነበር፤ በስምንተኛው ቀን ዓሣ እልክልህ ነበር። እንደዚያ ነው የኖርነው።”

“ላስከፋህ አልፈለግሁም።”

“ዋሸህ። እኔንማ ልታስከፋኝ ቆርጠህ ነበር፤ አሁን ሰው ሲወጣ ሚንዳ ነግራኛለች። ያን ፕላስቲክ ስታይ ነው የተመለስከው። ‘አልተሸጠም’ እንዲሉህ ነው። ሲያጨበጭቡልህ አየሁህ እኮ፣ ቤርዮ። ፊትህን አየሁት።” ጃንጥላውን አነሣና “ስምህን ያጠብከው በልጄ ነው። ከዛሬ ወዲያ አበልጄ አትበለኝ” አለው።

ጃንጥላውን ሳይዘረጋ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

በነጋታው ቤርዮ ፊሽካውን ለጸሐፊው አስረክቦ ሲመለስ ከሜዳው የኳስ ድምፅ ሰማ። ሠራተኞች የፕላስቲክ ወንበር ይደረድራሉ፤ በወንበሮቹ መካከል አርኔል ብቻውን በግራ እጁ ያነጥራል። ታመልጠዋለች፣ ሄዶ ያመጣታል፣ እንደገና። ቤርዮን ሲያይ ኳሷን ብብቱ ሥር አደረገና አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

“ኒኖንግ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እውነቱን ካልነገሩኝ ዘጠኝ ወር ሙሉ መርከቡ ላይ እሱን ሳሰላስል ነው የምኖረው።”

“ጠይቅ።”

“ትላንት ስሜ ሲጠራ፣ እንደማልችል ያውቁ ነበር?”

ሠራተኞቹ ወንበር ሲያጋጩ ጆሮ ይበሳል። ቤርዮ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

“አውቅ ነበር።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዐሥራ አምስት ዓመትህ።”

አርኔል ሳቅ ሊመስል የሚችል ትንፋሽ አወጣ። “ስምንት ዓመት ሜዳ ስጠርግ ያውቁ ነበር ማለት ነው።”

“መጥረግህን እወደው ነበር። አንተንም እወድሃለሁ። ግን ኳስ አከፋፋይ አይደለህም፣ ልጄ። ሮሜል ነው። ሊነግርህ የሚገባው ሰው እኔ ነበርኩ፤ አልነገርኩህም።”

ልጁ ኳሷን መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ ጫፍ ወዲያና ወዲህ አንከባለላት። “ትላንት ሲስቁብኝ” አለ በመጨረሻ፣ “የተናደድኩት በነሱ አልነበረም። ዞሬ ሳይዎት እርስዎ አልገረመዎትም። እሱ ነው ያቃጠለኝ። አባቴ ገርሞት ነበር፤ እርስዎ ግን አልገረመዎትም።”

“ልክ ነህ።”

“ይህን ለአባቴ ነግረውታል? አሁን ለኔ እንዳሉኝ?”

“አልነገርኩትም።”

“እንግዲያው ይንገሩት። አንድ ቀን ይሠለጥናል እያለ ነው እስከ ዛሬ ጫማ የሚገዛልኝ። እኔ ልነግረው አልችልም።”

ቤርዮ ወጣ። ከሜዳው እስከ ዓሣ መጋዘኑ የደርሶ መልስ መንገድ ሩብ ሰዓት ነው፤ በዚያ ጉልበት ለመሄጃው ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ታሲዮ ከበሩ ላይ ሆኖ “አሰልጣኝ! ዛሬ ደግሞ የት ነው?” አለው። አልመለሰለትም፤ ይህ በሳን ሲፕሪያኖ ታሪክ ለታሲዮ ሳይመልስ ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ያደርገዋል።

ፓስኳል በርጩማው ላይ ነበር። ወረንጦው እጁ ላይ፣ ባንጉሱ ጭኑ ላይ። ቀና ብሎ አየውና ተመልሶ አቀረቀረ።

“አርኔል ኳስ አከፋፋይ አይደለም” አለ ቤርዮ፣ በር ላይ ቆሞ። “ሆኖም አያውቅም። አይሆንምም። ከልጅነቱ ጀምሮ አውቄ ዝም አልኩህ። የዚያን ዕለት ስትለምነኝ ‘አይሆንም’ ማለት ነበረብኝ። አይሆንም ነበር መልሱ።”

ወረንጦው ቆመ። ፓስኳል የያዘውን አጥንት ወደ ብርሃን አንሥቶ ተመለከተው።

“ዐሥራ አንድ ቀን ዘገየህ” አለ።

“አዎ።”

አጥንቱን ቆርቆሮው ላይ ጣለው፤ ሌላ ፍለጋ ጎንበስ አለ። ተቀመጥም አላለው፣ ሂድም አላለው። ቤርዮ ጉልበቱ እየጠዘጠዘው እዚያው በር ላይ ቆመ።